ቀጠሮው የወር፣ ገንዘቡ የዓመት

የዛሬው እንደ ወትሮው “ይህን ብሉ፣ ያንን ተዉ” አይደለም። ረዘም ይላል፣ ትንሽም ንዴት አለበት። ቡና አፍሉና አንብቡት፤ ስኳሯን ግን ቀነስ።

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጡ አንድ አባት ነበሩ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬአለሁ።) ስልሳ ዓመት አልሞላቸውም። ደም ግፊት እንዳለባቸው ከታወቀ አራት ዓመት ሆኖታል። አምና ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ ልጃቸውና ጎረቤቶቻቸው ተሸክመው ድንገተኛ ክፍል አስገቧቸው። ግራ እጅና እግራቸው አይታዘዝም፤ ፊታቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ግፊታቸው 210 በ120። ስትሮክ።

ነፍሳቸው ተርፋለች። በሦስተኛው ቀን ረጋ ሲሉ አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ እኛ ሐኪሞች ሁላችን የምንጠይቀውን ጠየቅኳቸው፤ “አባባ፣ መድኃኒቱን ለምን አቋረጡ?” ጥያቄው ውስጥ ተግሣጽ አለ፣ ይገባኛል። እሳቸው ግን አልተቆጡም። “ልጄ፣ ክኒኑን የምትሰጡኝ ለአንድ ወር ነው፤ ለቀማው ሦስት ወር ነው” አሉኝ።

ወጥቼ ካርዳቸውን አስመጣሁ። ገጾቹን ስገልጥ የአራት ዓመቱ ታሪክ እንደ ቀን መቁጠሪያ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ከየካቲት እስከ መስከረም በየወሩ መጥተዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባዶ። በሚቀጥለውም ዓመት እንደዚያው። በሦስተኛውም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀጠሮዎች የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ “ከ1 ወር በኋላ” የሚለው የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ባዶውን ቦታ ማንም አላየውም፣ እኔም ጭምር። ያየነው የዕለቱን ግፊት ብቻ ነበር።

ልል የምፈልገው ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። እንደ ግፊት፣ ስኳር፣ አስምና የሚጥል በሽታ ባሉ ዕድሜ ልክ አብረውን በሚኖሩ በሽታዎች ላይ የምንሸነፈው ምርመራው ላይ ብቻ አይደለም፣ ክትትሉ ላይ ነው። ክትትላችን የተሠራው ሆስፒታል አጠገብ ለሚኖርና ወር በገባ ቁጥር ደሞዝ ለሚቀበል ሰው ነው። የጅማ ዙሪያ ገበሬ ደግሞ ደህና ገንዘብ የሚያየው በዓመት አንዴ፣ ቡናው ሲደርስ ነው። በሽታው የየዕለት፣ ቀጠሮው የየወሩ፣ ገንዘቡ የየዓመቱ። ሦስቱ በጭራሽ አይገናኙም፤ ሳይገናኙ ሲቀሩ ደግሞ ጥፋተኛ የሚባለው ታካሚው ነው። “መድኃኒቱን አቋርጦ የመጣ” ብለን እንጽፍበታለን።

ቁጥሩን በአጭሩ ላስቀምጥ። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የስቴፕስ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑ ኢትዮጵያውያን 16 ከመቶ የሚጠጉት ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ከእነሱ ውስጥ መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት እጅግ ጥቂት ናቸው። በዚያው ጥናት የቀን የጨው ፍጆታችን በአማካይ ከ8 ግራም በላይ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። (ገጠር ሄዳችሁ ቡና በጨው የጠጣችሁ ታውቁታላችሁ።) ዛሬ በኢትዮጵያ ከ10 ሞት ወደ 4 የሚጠጋው ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች የሚመጣ ነው ተብሎ ይገመታል። ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። በዓለም ላይ ከ30 እስከ 79 ዓመት ካሉ አዋቂዎች 1.4 ቢሊዮን ያህሉ ግፊት አለባቸው፤ ግማሽ የሚጠጉት አያውቁትም፣ በቁጥጥር ሥር ያዋሉት ከ5 አንዱ ብቻ ናቸው።

“የሀብታም በሽታ” የሚባለውን ነገር ደግሞ እባካችሁ እንተወው። የጅማና የጎንደር ሐኪሞች ለአሥርት ዓመታት ሲያክሙ የኖሩት የስኳር ታካሚ ብዙ ጊዜ ቦርጫም ነጋዴ አይደለም፤ ቀጭን፣ ወጣት፣ ኢንሱሊን ካላገኘ የማይኖር የገጠር ልጅ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ ባካሄደው ጉባኤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ “ዓይነት 5” ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። ለእኛ አዲስ በሽታ አይደለም፤ አዲስ ስም ነው።

እስቲ አንድ የቀጠሮ ቀን አብረን እንሂድ። ገበሬው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳል። መኪና መንገድ ድረስ በእግሩ፣ ከዚያ በሞተር ወይ በሚኒባስ፣ ከተማ ሲደርስ ባጃጅ። ካርድ ክፍል ሰልፍ፣ ግፊት መለኪያው ጋ ሰልፍ፣ ሐኪሙ ጋ ሰልፍ። ሐኪሙ (እኔ ማለት ነው) አምስት ደቂቃ ያየዋል። “እንዴት ነህ? ጥሩ ነው። በዚሁ ቀጥል።” ፋርማሲ ሌላ ሰልፍ። አንዳንዴ እዚያም “ይሄኛው አልቋል፣ ውጪ ግዛ” ይባላል። ከዚያ መመለስ። አንድ ቀን ሥራ፣ የሁለት ጉዞ ሂሳብ፣ ምሳ፣ አብሮት የመጣ ልጅ ካለ የእሱም። ለ30 ፍሬ ክኒን። እኔ ብሆን እመላለሳለሁ? እንጃ።

አሁን ደግሞ ይህንኑ ቀን ጥቅምትና ኅዳር ላይ አስቡት። የቡና አገር ልጅ ለሆናችሁ መንገር አያስፈልግም። እሸቱ ቀልቶ ዛፍ ላይ አይጠብቅም፤ ካልተለቀመ ይደርቃል፣ ይረግፋል። ቀን ለቀማ፣ ማታ ጥበቃ። ጎጆ ቀልሰው ማሳው ውስጥ የሚያድሩ አሉ፣ ሌባ እንዳይገባ። ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ሙሉ ለሆስፒታል ስጥ ማለት የዓመት ቀለብህን ጥለህ ና ማለት ነው። የሚያሳዝነው፣ ገንዘቡ ያለው በዚያ ሰሞን ነው፤ ጊዜው ግን የለም። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ተቃራኒው። ጊዜው አለ፣ ገንዘቡ አልቋል፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ አንዳንዱ ቡናውን ገና ዛፍ ላይ እያለ በቅናሽ ይሸጣል። የክረምት ታካሚዎቻችን ክኒናቸውን እየቆጠቡ አንድ ቀን እየዘለሉ ሲውጡ እናገኛቸዋለን። “ለማብቃቃት ነው” ይላሉ፣ በቤት ውስጥ ዘይት እንደሚበቃቃው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ይህንን ማድረግ አይቻልም እንዳትሉኝ፤ አድርገነዋል እኮ። በኤችአይቪ አድርገነዋል።

በ1997 ዓ.ም. ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀመር ሕክምናው በሆስፒታል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ። ነርስና ጤና መኮንን ሠልጥነው ያዙት። ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ሌሎችን እንዲደግፉ ተቀጠሩ። ቀጠሮ ያሳለፈ ሰው ይደወልለታል፣ ካስፈለገም ቤቱ ይኬዳል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሁኔታቸው ለተረጋጋ ሰዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ መስጠት ተጀመረ። ልብ በሉ፣ የስድስት ወር። እዚያው ጤና ጣቢያ፣ አንዱ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው የስድስት ወር መድኃኒቱን ይዞ ይወጣል፤ ኮሪደሩን ተሻግሮ ያለው ግፊት ያለበት ሰው 30 ክኒን ይሰጠዋል፣ ያውም ከተገኘ። ሁለቱም በሽታዎች አይድኑም። ሁለቱም በየቀኑ መድኃኒት ይፈልጋሉ። ሁለቱም ሲቋረጡ ይገድላሉ። ልዩነቱ ሕክምናው ላይ አይደለም።

ልዩነቱ ገንዘቡ ነው። ለኤችአይቪ ዓለም ተረባርቦ ከፈለ። ለጤና ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ዕርዳታ ውስጥ ተላላፊ ላልሆኑ በሽታዎች የሚደርሰው 2 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ የአሜሪካ ዕርዳታ በድንገት ሲቆም ያ የምንኮራበት የኤችአይቪ ክፍልም እንዴት እንደተናወጠ አይተናል። ስለዚህ “ለጋሽ ይምጣና ለግፊትም እንዲሁ ያድርግልን” አልልም። መውሰድ ያለብን አሠራሩን ነው፦ ቅርብ ቦታ፣ የሠለጠነ ነርስ፣ ረዘም ያለ ቀጠሮ፣ የቀረውን ሰው መፈለግ። ከአራቱ ሦስቱ ብዙ ዶላር አይጠይቁም።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ደግሞ የራሳችን ነው። ይህንኑ ነገር ጅማ ቀደም ብላ ሞክራው ነበር። ዶ/ር ዮሴፍ ማሞ ጅማ ላይ፣ ፕሮፌሰር ሺታዬ ዓለሙ ጎንደር ላይ፣ ከብሪታንያዊው ሐኪም ከኤልድሪድ ፓሪና ከሳውዝሃምፕተን የሕክምና ሰዎች ጋር ሆነው በገጠር ጤና ጣቢያዎች ውስጥ ሥር ለሰደዱ በሽታዎች የክትትል ክሊኒክ ከፈቱ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ሆስፒታሉ በሽታውን ለይቶ መድኃኒቱን ይጀምር፤ ክትትሉን በቤቱ አቅራቢያ ያለው ነርስ ወይም ጤና መኮንን ይያዘው፤ ሐኪሙ ደግሞ እየሄደ ያግዛቸው። የሚጥል በሽታ፣ ስኳር፣ ግፊት እዚያው መታየት ጀመረ። ለዓመታት “ልክፍት ነው” ተብሎ ቤት ውስጥ የተደበቀ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ በርካሽ ክኒን ትምህርት ቤት የተመለሰበት ዘመን ነው። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ሥራውን ለንደን በሚታተም የሕክምና መጽሔት ሲያስነብቡት፣ ርዕሱ ላይ የኢትዮጵያ አሠራር ለሌሎች አገሮች ምሳሌ እንደሚሆን ነበር የገለጹት። እኛ ከሌላ አገር ልምድ ስንቀምር እንውላለን፤ እነሱ ከእኛ ይቅሰሙ የተባለውን ግን እንደ እኔ ያለ ወጣት ሐኪም የሚያገኘው በአጋጣሚ ነው። ትንሽ አያናድድም?

ሌሎቹማ ሄደዋል። ሩዋንዳ ከ1999 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በወረዳ ሆስፒታሎቿ በነርሶች የሚመራ የስኳር፣ የልብና የግፊት ክሊኒክ አደራጅታለች፤ ያ ልምድ ተስፋፍቶ የአፍሪካ የጤና ሚኒስትሮች በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሎሜ ላይ እንደ አህጉራዊ ስልት ተቀብለውታል። ህንድ የግፊት ክትትሏን ከትልልቅ ሆስፒታሎች ወደ መንደር ጤና ጣቢያ እያወረደች፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቀላል የመድኃኒት ቅደም ተከተል አውጥታለች። ገንዘብ ብቻውን ደግሞ መልስ አይደለም፤ አሜሪካ በዓለም አንደኛ የሆነ ወጪ እያወጣች፣ ኢንሱሊን ተወዶባቸው እየቆጠቡ የሚወጉ ዜጎች ነበሯት። ጅማም ክኒን ይዘለላል፣ ኦሃዮም ኢንሱሊን ይቆጠባል።

ስለ መድኅን ካነሳን፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከኦሮሚያ ከተመረጡት አንዱ ሊሙ ኮሳ ነበር፤ የሊሙ ገነት አገር፣ የቡና አገር። መድኅኑ አንድ ነገር በደንብ ገብቶታል፦ መዋጮው በብዙ ቦታ የሚሰበሰበው ምርት ከገባ በኋላ፣ ኪስ ውስጥ ገንዘብ ሲኖር ነው። እንግዲህ ለመክፈል ሲሆን የቡናውን ወቅት ካወቅን፣ ለማከም ሲሆን ለምን እንረሳዋለን? የመድኅን ካርድ ትልቅ ነገር ነው፣ ካላችሁ አድሱት። ግን ካርዱ ትራንስፖርት አይከፍልም፣ ለቀማ አይለቅምም። መንግሥት ፋርማሲ የሌለውን መድኃኒት የግል ፋርማሲ በጥሬ ብር ነው የሚሸጠው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ዋጋ ምን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይኸውላችሁ። ግፊቱ ወይም ስኳሩ ተረጋግቶ ለቆየ ታካሚ፣ ከመስከረም ጀምሮ የሦስት ወር መድኃኒት በአንዴ ይሰጠው። ክትትሉ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ በወረቀት ይተላለፍ። በለቀማ ሰሞን ደግሞ አንድ ነርስ ግፊት መለኪያ ይዛ በሳምንት አንድ ቀን እሸት ቡና መረከቢያው ጋ ትቀመጥ። ለምን እዚያ? ገበሬው በዚያ ሰሞን በራሱ እግር የሚመጣበት ቦታ ያ ስለሆነ። ሚዛኑ አለ፣ ወረፋው አለ፣ ገንዘብም በእጅ አለ። ቡናውን እያስመዘነ ክንዱን ቢያስለካ ምን ይጎዳል? የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለቡናው ጥራት ሥልጠና ይሰጡ የለ? የቡናው ባለቤትም ይለካ።

የሥራ ባልደረቦቼ የሚሉትን አውቃለሁ፣ እኔም ስለው ኖሬአለሁና። “ሦስት ወር ከሰጠኸው ጭራሽ አይመለስም።” እሺ፣ በአንድ ወሩስ ተመለሰ? ካርዱን አይታችኋል። “ግፊቱ መሃል ላይ ቢወጣስ?” ይህ ትክክለኛ ፍርሃት ነው። ለዚህ ነው ለሁሉም ሰው የማልለው። መድኃኒት ገና የጀመረ፣ ግፊቱ ያልወረደለት፣ ነፍሰ ጡር፣ ኩላሊቱ የተነካ፣ የኢንሱሊን መጠኑ ገና ያልተስተካከለ፣ በቅርቡ ተኝቶ የታከመ ሰው ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት። እነዚህን በደንብ ለማየት ጊዜ የምናገኘው ግን የተረጋጉትን በየወሩ መጥራት ስናቆም ነው። አሁን ጠዋት ሰልፉ ውስጥ አርባ ሰው ካለ፣ ምናልባት አሥሩ ብቻ ናቸው በእርግጥ የሚፈልጉኝ፤ እነሱም አምስት አምስት ደቂቃ ነው የሚደርሳቸው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን ልክ ነው፣ መልስም የለኝም። “መድኃኒቱ የታለ?” ጤና ጣቢያው አምሎዲፒን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ሜትፎርሚን በቋሚነት ከሌለው ሁሉም ነገር ወሬ ነው። ለአንድ ሰው 90 ክኒን መስጠት ማለት ለሌላው ሁለት ሰው ማሳጣት ከሆነ ማንም ፋርማሲስት አያደርገውም፣ ባያደርገውም አልፈርድበትም። የመድኃኒት አቅርቦት አገልግሎት ቅርንጫፍ ጅማ ላይ አለ፤ መጋዘኑ ሩቅ አይደለም። ጤና ጣቢያዎች የግፊትና የስኳር ታካሚያቸውን ቁጥር አውቀው፣ ለቀማው ሳይገባ፣ ነሐሴ ላይ ትዕዛዛቸውን ከፍ ቢያደርጉ ግማሹ ችግር ይቃለል ነበር። ችግሩ ብዙ ቦታ ስንት ታካሚ እንዳለ የሚያሳይ መዝገብ የለም። ወባ ስንት እንደገባ በየሳምንቱ ሪፖርት እናደርጋለን፤ ግፊት ስንት ሰው እንደቀረ የሚጠይቀን የለም። የማይጠየቅ ነገር ደግሞ አይቆጠርም።

ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ከተማ ናችሁ፣ ስልክ በእጃችሁ ነው። አባታችሁ ወይ እናታችሁ ግን ገራ፣ ሰቃ፣ የቡ ወይ ሊሙ ናቸው። በየወሩ የመድኃኒት ብር በስልክ የምትልኩት እናንተ ናችሁ። ብሩ ይደርሳል፣ መድኃኒቱ መድረሱን ግን አታውቁም። ጊዜው መስከረም ነው። ዛሬ ማታ ስትደውሉ “ደህና ናችሁ?” ብቻ አትበሉ፤ “አልሐምዱሊላህ” ወይ “እግዚአብሔር ይመስገን” ብለው ነው የሚዘጉት። “ስንት ክኒን ቀራችሁ?” በሏቸው። ቁጥር ነው የሚፈለገው። የማሸጊያውን ፎቶ አንድ የጎረቤት ልጅ እንዲልክላችሁ አድርጉ፤ የመድኃኒቱ ስምና መጠን ስልካችሁ ላይ ይኑር።

ለበዓል ስትሄዱ አብራችሁ ሐኪም ጋ ግቡና “ግፊቱ ተረጋግቷል ወይ? ከተረጋጋ እስከ ጥር የሚበቃ ይጻፍልን፣ ለቅርብ ጤና ጣቢያም ወረቀት ይሰጠን” ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ ሊከለክል ይችላል፣ ምክንያት ይኖረዋል፤ ምክንያቱን ግን ይንገራችሁ። ከተቻለ ክንድ ላይ የሚታሰር ግፊት መለኪያ ግዙላቸው፤ የእጅ አንጓው ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ሲለኩ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው፣ ቡና ከጠጡ ወይ ጫት ከቃሙ በኋላ ወዲያው ሳይሆን። ጫት ልብ ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ደግሞ ለስኳር ታካሚ ሌላ ጣጣ ነው። ሙሉ በሙሉ ያቁሙ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን የጅማን ሰው አውቀዋለሁ። ቢያንስ ክኒኑ በጫት ምክንያት አይዘለል፤ ቅሞ ያደረ ሰው ጠዋት ተኝቶ ይውልና ያልፈዋል።

ኢንሱሊን የሚወጉ ካሉ፣ ማቀዝቀዣ የለም ተብሎ አይቋረጥ። የተከፈተ ኢንሱሊን ፀሐይና ምድጃ ካልደረሰበት ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ እርጥብ አሸዋ ውስጥ የተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል። በእነዚህ ዓመታት ረመዳን የካቲት ላይ ነው የሚገባው፤ ስኳር ያለበት ሰው ከወር በፊት ሐኪም ያማክር። መጾም የማይገባው ሰው አለ፣ የመድኃኒት ሰዓትና መጠን ብቻ ተቀይሮለት የሚጾምም አለ። ለዐቢይ ጾምም እንዲሁ። ሽፈራውና ጥቁር አዝሙድ መጠቀም ለምትወዱ፣ ምግብ ላይ ጨምሩት፣ አልጣላም፤ በክኒኑ ቦታ ግን አይተካ። አንድ ቀን የረሳ ሰው በማግስቱ ሁለት አይዋጥ። ፊት በድንገት ሲጣመም፣ አንድ ክንድ ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢታይ እንኳ ጠዋት ይሻለዋል ተብሎ አይታደር። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።

ያ አባት አሁን በከዘራ ይሄዳሉ። ግራ እጃቸው አልተመለሰም፤ ቡና በአንድ እጅ አይለቀምም። “ዘንድሮ ቁጭ ብዬ ነው የማየው” አሉኝ ባለፈው ሳምንት ከልጃቸው ጋር ሲመጡ። ግፊታቸው 134 በ82፣ ስድስት ወር ሙሉ ሳይዛባ ቆይቷል። ካርዱ ላይ “ከ3 ወር በኋላ” ብዬ ጻፍኩ፣ 90 ፍሬም አዘዝኩ። ፋርማሲው የነበረው 60 ነው። ቀሪውን 30 ልጃቸው አጋሮ ከግል መድኃኒት ቤት እንደገዛ ማታ ደውሎ ነገረኝ።